ዳግም የሚዋቀሩ ሆሎግራፊያዊ የአንቴና ገጾች፦ ያለ ፌዝ ቀያሪ ጨረርን የመምራት ስልትና ዋጋው

አኅጽሮተ ጥናት

በመጪው ዘመን የሽቦ አልባ ግንኙነት አንቴናዎች ጠባብ ጨረር ፈጥረው ተጠቃሚውን በሄደበት እንዲከተሉት ይጠበቃል። እስካሁን ይህን ተግባር በአመዛኙ የሚያከናውነው ፌዝድ አሬይ የተባለው የአንቴና ዓይነት ነው፤ ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ኤለመንት የራሱን ፌዝ ቀያሪ ስለሚሻ ውድና ብዙ ኃይል የሚፈጅ ነው። ዳግም የሚዋቀር ሆሎግራፊያዊ ገጽ ፌዝ ቀያሪውን አስወግዶ፣ በገጹ ላይ ከሚጓዝ ሞገድ በየነጥቡ የሚያፈተልከውን መጠን ብቻ በመቆጣጠር ጨረሩን ይመራል። ይህ ጽሑፍ የስልቱን አሠራር ከሆሎግራፊ መሠረተ ሐሳብ ተነሥቶ ያብራራል፤ በ30 ጊጋኸርዝ ላይ በተሠራ ቀላል ስሌትም የስልቱን ጥቅምና ወሰን ያሳያል። ጽሑፉ የሚያስረግጠው ነጥብ ስልቱ የሚሠራው በገጹ ላይ ያለው ሞገድ ዘገምተኛ በመሆኑ እንደ ሆነ፣ የሚያስከፍላቸው ዋጋዎች አብዛኞቹም ከዚሁ ከአንድ ምንጭ እንደሚመነጩ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ሆሎግራፊ፣ የገጽ ሞገድ፣ ጨረር ቀረጻ፣ ሜታሰርፌስ፣ ሚሊ ሜትር ሞገድ

1. መግቢያ

የሽቦ አልባ ግንኙነት ፍላጎት እያደገ በሄደ ቁጥር ዝቅተኞቹ የሬዲዮ ድግግሞሾች (ፍሪኩዌንሲዎች) ተጣብበዋል። በዚህም ምክንያት አምስተኛው ትውልድ የሞባይል ግንኙነት ከ24 ጊጋኸርዝ በላይ ወዳሉት፣ ሚሊ ሜትር ሞገድ ተብለው ወደሚታወቁት ድግግሞሾች ተሸጋግሯል። ቀጣዩ ትውልድም ከዚያ ከፍ ያሉትን እየተመለከተ ነው። በእነዚህ ድግግሞሾች ሰፊ ባንድ ይገኛል፤ ነገር ግን ጥቅሙ ያለ ዕዳ አይመጣም። የአንድ አነስተኛ አንቴና ኃይል የመሰብሰቢያ ስፋት ከሞገዱ ርዝመት ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ስለሆነ፣ ከ3 ጊጋኸርዝ ወደ 30 ጊጋኸርዝ ስንሸጋገር ተመሳሳይ ዓይነት አንቴና የሚሰበስበው ኃይል በ100 እጥፍ ይቀንሳል። ይህን ጉድለት ለመሙላት ኃይሉን በየአቅጣጫው ከመበተን ይልቅ በጠባብ ጨረር ሰብስቦ ወደ ተፈለገው ወገን መላክ ግድ ይላል።

ጨረርን ያለ ሜካኒካዊ እንቅስቃሴ ለመምራት የተለመደው መንገድ ፌዝድ አሬይ ነው። ፌዝ ማለት ሞገድ በአንድ ቅጽበት በዑደቱ ውስጥ የሚገኝበት ደረጃ ነው። ብዙ አነስተኛ አንቴናዎች በሞገዱ ርዝመት ግማሽ ርቀት ተደርድረው፣ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ሞገድ ፌዝ በተሰላ መጠን ሲለያይ፣ ሞገዶቹ በአንድ አቅጣጫ ይደጋገፋሉ፤ በሌሎች አቅጣጫዎች ይጣፋሉ። ስልቱ አስተማማኝና በሚገባ የተፈተነ ነው። ሆኖም ከእያንዳንዱ ኤለመንት በስተኋላ ፌዝ ቀያሪ፣ አብዛኛውን ጊዜም ማጉያ ይኖራል። የኤለመንቶቹ ቁጥር ወደ መቶዎችና ሺዎች ሲያድግ ወጪው፣ የኃይል ፍጆታውና የሚፈጠረው ሙቀት አብረው ያድጋሉ። ኃይል ከማከፋፈያው መረብ ተነሥቶ ወደ ኤለመንቶቹ ሲደርስ የሚባክነውም ቀላል አይደለም።

ከዚህ ችግር በመነሣት በቅርብ ዓመታት ሁለት የገጽ ዓይነቶች የተመራማሪዎችን ትኩረት ስበዋል። አንደኛው ዳግም የሚዋቀር አንጸባራቂ ገጽ ሲሆን፣ ከሌላ ቦታ የመጣን ሞገድ ተቀብሎ ወደ ተፈለገው አቅጣጫ ይመልሳል። ይህ ገጽ ራሱ አሰራጭ አይደለም፤ በጣቢያውና በተጠቃሚው መካከል ቆሞ የሚያግዝ ነው። ሁለተኛው የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ የሆነው ዳግም የሚዋቀር ሆሎግራፊያዊ ገጽ ነው። በዚህኛው መጋቢው ከገጹ ጠርዝ ወይም ከጀርባው ጋር ተዋህዶ የተሠራ በመሆኑ ሞገዱ ከውጭ አይመጣም፤ በገጹ ውስጥ እየተጓዘ ቀስ በቀስ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ ገጹ ራሱን የቻለ አሰራጭና ተቀባይ አንቴና ነው። ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ በንባብ ወቅት እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያሻል።

2. የሐሳቡ አመጣጥ

ሆሎግራፊን የፈጠረው በትውልዱ ሀንጋሪያዊ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ዴኒስ ጋቦር ሲሆን፣ ሥራውን ያሳተመው በ1948 እ.ኤ.አ. ነበር። ዓላማው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን የማየት አቅም ማሻሻል ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘውም ለዚሁ ሥራው ነው። ጋቦር የተነሣበት ችግር የሚከተለው ነው፦ የፎቶግራፍ ፊልም የሚመዘግበው የብርሃንን ጥንካሬ ብቻ ነው፤ ፌዙ ግን ይጠፋል። ፌዝ ካልተመዘገበ ደግሞ የነገሩን ሙሉ ገጽታ መልሶ ማግኘት አይቻልም። መፍትሔው ከነገሩ የሚመጣውን ሞገድ ከሌላ የታወቀ ሞገድ ጋር ማደራረብ ሆነ። ይህ የታወቀ ሞገድ ማጣቀሻ ሞገድ ይባላል። ሁለቱ ሲደራረቡ የሚፈጠረው ብሩህና ጨለማ ጥለት የጥንካሬ ጥለት ብቻ ቢሆንም፣ የመስመሮቹ አቀማመጥ የፌዙን መረጃ ይሸከማል። በኋላ ያው ማጣቀሻ ሞገድ በጥለቱ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ሞገድ ይወለዳል።

በጋቦር ስልት ግን አንድ እንከን ነበር። ጥለቱ በማጣቀሻው ሞገድ ሲበራ የሚወጣው የተፈለገው ሞገድ ብቻ አይደለም፤ የማጣቀሻው ሞገድ ቅሪትና መንትያ ምስል የተባለው ሌላ ሞገድም አብረው ይወጣሉ፤ ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ ተደራርበው ምስሉን ያደበዝዙታል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ኤሜት ሊትና ዩሪስ ኡፓትኒክስ ማጣቀሻውን ሞገድ በማዕዘን አዘንብለው በማስገባት ሦስቱን በየአቅጣጫቸው ለዩአቸው። ይህ የታሪክ ነጥብ ለአንቴናው አሠራር ቁልፍ በመሆኑ በክፍል 4 እንመለስበታለን።

ሐሳቡ ወደ አንቴና ምሕንድስና ለመሻገር ብዙ አልቆየም፤ በሆሎግራፊ መርሕ ስለሚሠሩ አንቴናዎች የተጻፉ ጥናቶች በ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ ታትመዋል። እነዚያ አንቴናዎች ጥለታቸው አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ የማይለወጥ ነበር፤ ጨረራቸውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። አዲሱ ነገር ጥለቱን በኤሌክትሮኒክ ትእዛዝ መጻፍ፣ መደምሰስና እንደገና መጻፍ መቻሉ ነው። በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተሟቸው ጽሑፎች ይህን ገጽ ከብዙ ተጠቃሚዎች ግንኙነት ጋር አያይዘው አጥንተውታል።

3. ፌዝን መምረጥ እንጂ መቀየር አያስፈልግም

አሠራሩን በቀላሉ ለመረዳት ገጹን ወደ አንድ መስመር እናጥበው። ከመስመሩ ግራ ጫፍ መጋቢው የ30 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይልካል። በነፃ አየር የዚህ ሞገድ ርዝመት 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የገጹ ቁስ አካል ሞገዱን ስለሚያዘገየው በገጹ ላይ የሚኖረው ርዝመት ያጥራል። ሞገዱ ከነፃ አየሩ 1.5 ጊዜ የዘገየ ነው ብንል (ይህን ከዚህ በኋላ የዝግመት ቁጥር እንለዋለን) በገጹ ላይ ርዝመቱ 6.67 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በመስመሩ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ኤለመንቶች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ኤለመንት ከሥሩ ከሚያልፈው ሞገድ ጥቂቱን ወደ አየር ሊያሳልፍ ወይም ሊያስቀር ይችላል፤ የሚያሳልፈውን መጠን እንጂ የሚያሳልፈውን ፌዝ እኛ አንወስንም።

ታዲያ ፌዙ ከየት ይመጣል? ከሞገዱ ከራሱ። ሞገዱ 6.67 ሚሊ ሜትር በተጓዘ ቁጥር ፌዙ አንድ ሙሉ ዑደት ይዞራል። ስለዚህ በመስመሩ ላይ የማንኛውም ፌዝ ባለቤት የሆነ ነጥብ አለ። ጨረሩ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ስንሻ፣ በየነጥቡ ሊኖር የሚገባውን ፌዝ እናሰላለን፤ ከዚያም የሞገዱ ፌዝ ከሚፈለገው ጋር በሚስማማበት ቦታ ያሉትን ኤለመንቶች እንከፍታለን፤ በሚቃረንበት ቦታ ያሉትን እንዘጋለን፤ በመካከል ያሉትን በመጠኑ እንከፍታለን። እንዲህ ሆኖ የሚፈጠረው የክፍትና የዝግ ተራ ጥለት ሆሎግራሙ ነው። ፌዝድ አሬይ ፌዝን ይቀይራል፤ ሆሎግራፊያዊ ገጽ ግን በገጹ ላይ ካለው ፌዝ የሚስማማውን ይመርጣል።

ጨረሩ የሚሄድበት ማዕዘን በአንድ አጭር ቀመር ይወሰናል፦

የማዕዘኑ ሳይን = የዝግመት ቁጥር − (የሞገዱ ርዝመት በአየር ÷ የጥለቱ ርቀት)

የጥለቱ ርቀት ማለት ከአንድ የክፍት ቦታ እምብርት እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። ማዕዘኑ የሚለካው ለገጹ ቀጥ ካለው መስመር ሲሆን፣ ሞገዱ ወደሚጓዝበት ወገን ሲሆን አዎንታዊ፣ ወደ መጋቢው ወገን ሲሆን አሉታዊ ነው። በምሳሌያችን የጥለቱ ርቀት 6.67 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጨረሩ ለገጹ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ርቀቱን ወደ 10 ሚሊ ሜትር ብናሰፋው ጨረሩ 30 ዲግሪ ወደ ፊት ያዘነብላል። ወደ 5 ሚሊ ሜትር ብናጠበው ደግሞ 30 ዲግሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ የሚለወጠው የተከፈቱት ኤለመንቶች ዝርዝር ብቻ ነው፤ በገጹ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ፌዝ ቀያሪም የለም።

4. ያልተፈለጉት ሞገዶች የት ይሄዳሉ?

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ኤለመንት ሊያሳልፍ የሚችለው መጠን ከዜሮ በታች ሊሆን ስለማይችል፣ ጥለቱ ንጹሕ ኮሳይን ሳይሆን ኮሳይኑ ላይ አንድ ተደምሮ ለሁለት የተካፈለ ነው። ይህ ጥለት በማጣቀሻው ሞገድ ሲባዛ ሦስት ክፍሎች ይወጣሉ፦ ግማሹ ማጣቀሻው ሞገድ ራሱ፣ ሩቡ የተፈለገው ሞገድ፣ ሌላው ሩብ ደግሞ መንትያው ሞገድ። የጋቦር እንከን ተመልሶ መጣ ማለት ነው። መንትያው ከተፈለገው ጋር እኩል ጥንካሬ ያለው ሆኖ ሳለ አንቴናው አንድ ጨረር ብቻ እንዴት ሊሰጥ ይችላል?

መልሱ ያለው በሞገዱ ዝግታ ነው። በገጹ ላይ ያለ የሞገድ ክፍል ወደ አየር ሊወጣ የሚችለው በገጹ ላይ የፌዙ አለዋወጥ በነፃ አየር ካለው ሞገድ አለዋወጥ ካልበለጠ ብቻ ነው። የነፃ አየሩን አለዋወጥ 1 ብለን ብንወስድ፣ መውጣት የሚችለው ከ−1 እስከ 1 ባለው ክልል ውስጥ ያለ ክፍል ይሆናል። አሁን ሦስቱን እንመዝን። የማጣቀሻው ክፍል አለዋወጥ 1.5 ነው፤ ከክልሉ ውጭ ስለሆነ አይወጣም። የተፈለገው ክፍል አለዋወጥ የማዕዘኑ ሳይን ስለሆነ ምንጊዜም በክልሉ ውስጥ ነው፤ ይወጣል። የመንትያው አለዋወጥ 3 ሲቀነስ የማዕዘኑ ሳይን ነው፤ ይህ ከ2 በታች ሊወርድ ስለማይችል አይወጣም። ስለዚህ ሁለቱ ያልተፈለጉ ሞገዶች ከገጹ ጋር ታስረው ይቀራሉ፤ ኃይላቸውም ወደ አየር አይባክንም።

ሊትና ኡፓትኒክስ መንትያውን ምስል ወደ ሌላ አቅጣጫ ላኩት፤ ሆሎግራፊያዊው ገጽ ግን ጭራሹኑ እንዳይወጣ ያስቀረዋል። የዝግመት ቁጥሩ ከ1 በታች ቢሆን ኖሮ የማጣቀሻው ክፍል ራሱን የቻለ ሌላ ጨረር ሆኖ ይወጣ ነበር። አምፕሊቲዩድን ብቻ በመቆጣጠር ጨረርን መምራት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

5. የስልቱ ዋጋ

ፌዝ ቀያሪን ማስወገድ ነፃ ስጦታ አይደለም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ዋጋዎች ከላይ ካየነው ቀመር በቀጥታ የሚወጡ ናቸው።

5.1 የኤለመንቶች ጥግግት። እስካሁን ጥለቱ ያልተቋረጠ እንደ ሆነ አድርገን ተናገርን። በተግባር ግን ጥለቱ በተለያዩ ኤለመንቶች የተጻፈ ናሙና ነው። ናሙና ደግሞ የእያንዳንዱን ክፍል ቅጂዎች ይፈጥራል። ቅጂዎቹ ከዋናው የሚርቁት በሞገዱ ርዝመትና በኤለመንቶቹ መካከል ባለው ርቀት ንጻሬ ልክ ነው። ታስሮ የቀረው መንትያ በቅጂው በኩል አምልጦ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ኤለመንቶቹ በ2.5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በሞገዱ ርዝመት ሩብ ቢደረደሩና ጨረሩን 60 ዲግሪ ወደ ኋላ ብንመራው፣ የመንትያው ቅጂ ወደ 8 ዲግሪ ገደማ በኋላ በኩል ይወጣል፤ ጥንካሬውም በመሠረቱ ከዋናው ጨረር ጋር እኩል ነው። በሁለቱም ወገን እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ያለ መንትያ ለመሥራት በምሳሌያችን ርቀቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በቁጥር እንየው። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ገጽ ላይ ፌዝድ አሬይ በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት 400 ኤለመንቶች ይኖሩታል። ሆሎግራፊያዊው ገጽ ግን በ2 ሚሊ ሜትር ርቀት 2500 ኤለመንቶች ያስፈልጉታል። ስለዚህ የሁለቱን ስልቶች ወጪ ለማነጻጸር የአንድን ኤለመንት ዋጋ ከአንድ ኤለመንት ዋጋ ጋር ማስተያየት ያሳስታል። ትክክለኛው መለኪያ ለተመሳሳይ የገጽ ስፋትና ለተመሳሳይ የማዕዘን ክልል የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ ነው። የሆሎግራፊያዊው ኤለመንት እጅግ ቀላል ስለሆነ ንጽጽሩ አሁንም ለእሱ ሊያደላ ይችላል፤ ነገር ግን የስድስት እጥፍ ያህል የቁጥር ልዩነት በስሌቱ መግባት አለበት።

5.2 የመፍሰስ መጠን። ማጣቀሻው ሞገድ በተጓዘ ቁጥር እየተቀነሰ ይሄዳል። እያንዳንዱ ረድፍ ከደረሰው ኃይል 5 በመቶ ቢያወጣ ከ50 ረድፎች በኋላ የሚቀረው 8 በመቶ ያህል ነው፤ ይህ መልካም ነው። 1 በመቶ ብቻ ቢያወጣ 60 በመቶው ሳይወጣ ጠርዝ ላይ ደርሶ ይባክናል። 20 በመቶ ቢያወጣ ደግሞ 89 በመቶው በመጀመሪያዎቹ 10 ረድፎች ያልቃል፤ የገጹ አራት አምስተኛ ሥራ ፈት ይሆናል፤ ጨረሩም ይሰፋል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ኤለመንቶቹን ሲቀርጽ ከመጋቢው አጠገብ ያሉት ቆጥበው፣ ከዳር ያሉት አትርፈው እንዲያሳልፉ ማመጣጠን ይኖርበታል። በብረቱና በገጹ ቁስ አካል ውስጥ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይልም ከዚህ ላይ ይደመራል፤ ገጹ በሰፋ መጠን ሞገዱ የሚጓዘው ረጅም ስለሆነ ብክነቱም ይጨምራል።

5.3 የጨረሩ መንሸራተት። ቀመሩ የሞገዱን ርዝመት ስለያዘ፣ ጥለቱ ሳይለወጥ ድግግሞሹ ሲለወጥ ጨረሩ ቦታውን ይለቃል። በ10 ሚሊ ሜትር ጥለት በ30 ጊጋኸርዝ ወደ 30 ዲግሪ የተመራ ጨረር፣ በ30.5 ጊጋኸርዝ ወደ 31.1 ዲግሪ፣ በ29.5 ጊጋኸርዝ ወደ 28.9 ዲግሪ ይሄዳል። በ1 ጊጋኸርዝ ባንድ ውስጥ 2.2 ዲግሪ ያህል ይንሸራተታል ማለት ነው። የ10 ሴንቲ ሜትር ገጽ ጨረር ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ስፋት ስላለው ይህን ይሸከመዋል። የ50 ሴንቲ ሜትር ገጽ ጨረር ግን 1.2 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ የባንዱ ዳርና ዳር ከተጠቃሚው ላይ ይወርዳል። በእርግጥ ፌዝድ አሬይም ይንሸራተታል፤ ልዩነቱ እሱ ለገጹ ቀጥ ባለው አቅጣጫ ፈጽሞ የማይንሸራተት ሲሆን፣ ሆሎግራፊያዊው ገጽ ግን በዚያም አቅጣጫ የሚንሸራተት መሆኑ ነው። በዚሁ ቀጥ ባለ አቅጣጫ ሌላም ፈተና አለ፤ የጥለቱ ርቀት በገጹ ላይ ካለው የሞገድ ርዝመት ጋር እኩል ስለሚሆን ከየረድፉ የሚመለሱ ጥቃቅን ነጸብራቆች ተደጋግፈው ወደ መጋቢው ይመለሳሉ።

5.4 ክፍትና ዝግ ብቻ ሲሆን። ብዙ ንድፎች ወጪን ለመቀነስ ኤለመንቱን በሁለት ደረጃ ብቻ ያሠሩታል፤ ወይ ክፍት ነው፣ ወይ ዝግ። ይህ ሲታይ ጉዳት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የፉርየር ትንታኔ ሌላ ያሳያል። እኩል ክፍትና ዝግ ያለው ጥለት ለተፈለገው ሞገድ የሚሰጠው ድርሻ 0.32 ያህል ሲሆን፣ የለስላሳው ጥለት ድርሻ 0.25 ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት ደረጃው በዚህ ረገድ ይበልጣል። ዕዳው የሚመጣው ከሦስተኛው ሃርሞኒክ ነው። በምሳሌያችን ጨረሩ ወደ ፊት ከ42 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲያዘነብል ሦስተኛው ሃርሞኒክ ወደሚወጣበት ክልል ይገባል። በ60 ዲግሪ ላይ ለምሳሌ ወደ ኋላ 24 ዲግሪ ገደማ ሌላ ጨረር ይታያል፤ ኃይሉም በመሠረታዊው ስሌት የዋናው አንድ ዘጠነኛ ያህል ነው። በአቅራቢያው ላለ ሌላ ተጠቃሚ ይህ ጣልቃ ገብነት ነው።

6. የመቆጣጠሪያው ምርጫ የሚወስነው

ስለ ሆሎግራፊያዊ ገጾች ሲጻፍ ኃይል ቆጣቢነታቸው እንደ ተረጋገጠ እውነት ይነገራል። ይህ አባባል እውነት የሚሆነው ግን ኤለመንቱን በሚከፍተውና በሚዘጋው ቁስ ዓይነት ነው። ሦስት አማራጮች በስፋት ይጠናሉ።

የመጀመሪያው ፒን ዳዮድ ነው። እጅግ ፈጣን ነው፤ በናኖ ሰከንዶች ይቀያየራል። ነገር ግን በክፍትነት ጊዜ የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈልጋል። እያንዳንዱ ዳዮድ 10 ሚሊ አምፔር ይወስዳል ብንልና ከ2500ዎቹ ግማሾቹ ፍሰት ቢኖራቸው፣ ጠቅላላው 12.5 አምፔር ይሆናል፤ በአንድ ቮልት እንኳ 12 ዋት ተኩል ነው። ይህ ገና አንድም ምልክት ሳይሰራጭ የሚጠፋ ኃይል ነው። የጥግግት ዋጋው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፤ የኤለመንቶቹ ቁጥር የስድስት እጥፍ ሲሆን ከፌዝ ቀያሪው የተረፈው ኃይል በዳዮዶቹ በኩል ተመልሶ ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው ቫራክተር ዳዮድ ነው። የሚሠራው በተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ስለሆነ የሚወስደው ፍሰት ኢምንት ነው፤ መጠኑንም በደረጃ ሳይሆን ያለማቋረጥ መለወጥ ይቻላል። ሆኖም ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር በራሱ ውስጥ የሚያባክነው የሞገድ ኃይል ይጨምራል።

ሦስተኛው ሊኩዊድ ክሪስታል ነው፤ በቴሌቪዥንና በስልክ ስክሪን ውስጥ ያለው ዓይነት ቁስ ማለት ነው። የኃይል ፍላጎቱ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በስክሪን ማምረቻ ስልት በብዛት ሊሠራም ይችላል። ድክመቱ ዝግታው ነው፤ ለመቀያየር ሚሊ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም አሥሮች ሚሊ ሰከንዶች ይፈጅበታል።

ዝግታ ግን ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል። በ550 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚያልፍ የዝቅተኛ ምሕዋር ሳተላይት በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአናታችን ላይ ሲያልፍ ከመሬት ሲታይ የማዕዘን ለውጡ በሰከንድ ከ1 ዲግሪ በታች ነው። እንዲህ ላለው ዒላማ ጥለቱን በሰከንድ ጥቂት አሥር ጊዜ ማደስ ይበቃል፤ ሊኩዊድ ክሪስታል ይህን ይችላል። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው ካይሜታ የተባለው ኩባንያ በተሽከርካሪና በመርከብ ላይ የሚገጠሙ ጠፍጣፋ የሳተላይት አንቴናዎችን በዚሁ ቁስ መሥራቱ የዚህ ማሳያ ነው። በአንጻሩ በአምስተኛው ትውልድ ሞባይል በሚሊ ሜትር ሞገድ ላይ የአንድ የጊዜ ክፍልፋይ ርዝመት 0.125 ሚሊ ሰከንድ ሊሆን ይችላል። ጣቢያው በየክፍልፋዩ ከአንዱ ተጠቃሚ ወደ ሌላው እንዲዞር ከተፈለገ ሊኩዊድ ክሪስታል አይደርስበትም፤ ዳዮድ ግድ ይሆናል፤ የኃይሉ ጥያቄም ተመልሶ ይነሣል።

ብዙ ተጠቃሚዎችን በአንድ ጊዜ ማገልገል ሲፈለግ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ጥለት ተደምሮ አንድ ጥለት ይሆናል። ድምሩ ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ወሰን ውስጥ መቆየት ስላለበት የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ሲጨምር የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ለተለያዩ ተጠቃሚዎች የተለያየ መረጃ ለመላክ ቢያንስ የተጠቃሚዎቹን ቁጥር ያህል መጋቢዎች ያስፈልጋሉ። ጥለቱን ከመጋቢዎቹ ምልክት ጋር አጣምሮ በተሻለ መንገድ ማስላት፣ ያውም ኤለመንቱ አሉታዊ ዋጋ ሊይዝ በማይችልበት ሁኔታ፣ ዛሬም በሰፊው የሚጠና የሒሳብ ጥያቄ ነው።

7. ማጠቃለያ

ዳግም የሚዋቀር ሆሎግራፊያዊ ገጽ ፌዝን በመቀየር ሳይሆን በመምረጥ ጨረርን ይመራል። ይህን እንዲችል ያደረገው በገጹ ላይ የሚጓዘው ሞገድ ዘገምተኛ መሆኑ ነው፤ የሆሎግራሙ መንትያና የማጣቀሻው ቅሪት ከገጹ ጋር ታስረው የሚቀሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ይኸው ዝግታ ግን ኤለመንቶቹ እንዲጠጋጉ ያስገድዳል፤ ጨረሩም ከድግግሞሽ ጋር እንዲንሸራተት ያደርጋል። ከፍ ያለ የዝግመት ቁጥር የሚመርጥ ንድፍ አውጪ መንትያውን ይበልጥ ያርቃል፤ በዚያው ልክ የኤለመንቶቹን ቁጥርና መንሸራተቱን ያበዛል። ስለዚህ የዝግመት ቁጥሩ ምርጫ የቁስ አካል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጠቅላላው ሥርዓት ውሳኔ ነው።

ከዚህ በመነሣት ስለ እነዚህ ገጾች የሚቀርብ ማንኛውም የወጪና የኃይል ንጽጽር አራት ነገሮችን በግልጽ ሊያስቀምጥ ይገባል፦ የማዕዘን ክልሉን፣ የባንዱን ስፋት፣ የኤለመንቶቹን ጠቅላላ ቁጥርና የመቆጣጠሪያውን ዓይነት። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ንጽጽሩ ለመፍረድ አይበቃም። ዘርፉን ለማጥናት ለሚያስብ ተማሪ ደግሞ አንድ መልካም ዜና አለ። የመለኪያ ክፍልና የማምረቻ መሣሪያ ለተራቀቀ ሙከራ አስፈላጊ ቢሆኑም፣ በዚህ ጽሑፍ የቀረቡት ስሌቶች በሙሉ በተራ ኮምፒውተር፣ አብዛኞቹም በወረቀትና በእርሳስ የሚሠሩ ናቸው። ለባለ ሁለት ደረጃ ኤለመንቶች ሦስተኛውን ሃርሞኒክ የሚያፍን ጥለት ማግኘት፣ መንሸራተትን በባንዱ ውስጥ የሚያቻችል ጥለት መንደፍ፣ በረድፎች መካከል የመፍሰሱን መጠን በአግባቡ ማከፋፈል ሁሉም በዚህ መንገድ ሊጀመሩ የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው።